ሦስት ሳንቲ ሜትር

«ስንት አወጣሽበት?» አለኝ አባዬ፣ ካርቶኑን በጫማው ጫፍ ነካ እያደረገ።

«ሁለት መቶ ሰማንያ ዶላር።»

«ከፍ እንድትል ነው?»

«ዝቅ እንድትል።»

ዝም አለ። ቀስ ብሎ በርከክ አለና (ያኔ ጉልበቱ እንደ አሁኑ አልከፋም ነበር) ካርቶኑን ከፈተው። ውስጡ አራት ጥቁር ሞላ አለ። አንዱን አንስቶ ወደ መብራቱ አዞረው፣ ቀለበቶቹን በአውራ ጣቱ ቆጠረና መልሶ አስቀመጠው።

«እኔን ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከፈለኝ መኪናዬን ከፍ አድርግልኝ እያለ ነው። አንቺ ከፍለሽ ዝቅ ታደርጊያለሽ። እሺ።»

ሐበሻ አባት ያለው ሰው ይቺን «እሺ» ያውቃታል። መስማማት አይደለችም። «ቆይ እናያለን» ማለት ናት።

መኪናዬ የ2001 ማዝዳ ሚያታ ናት። አረንጓዴ፣ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ካምቢዮዋ ማንዋል፣ ክብደቷ ከአንድ ቶን ትንሽ የሚበልጥ። ማዝዳ የመጀመሪያዋን ሚያታ በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ሲያወጣት ዓላማው ፈጣን መኪና መሥራት አልነበረም፤ ቀላልና ለመንዳት ደስ የምትል መኪና መሥራት ነበር። ጃፓኖቹ «ጂንባ ኢታይ» ይሉታል፤ ፈረሱና ፈረሰኛው አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ይህንን ለአባዬ ስተረጉምለት «ታዲያ የፈረሱን እግር ቆርጠሽ ነው አንድ አካል የምትሆኚው?» አለኝ።

ለምን ዝቅ ማድረግ እንደፈለግኩ ለሚጠይቀኝ ሰው የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። የመኪና ክብደት ወደ መሬት በቀረበ ቁጥር ኩርባ ላይ ወደ አንድ ጎን የሚሸሸው ጭነት ይቀንሳል፤ ጎማዎቹ ሥራውን በእኩል ይካፈሉታል፣ ምናምን። ውሸት አይደለም። ግን እውነተኛው ምክንያት እሱ አልነበረም። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት አስጠልቶኝ ነው። አራት ጣቴን አስገብቶ ይተርፋል። ስልኬ ላይ የማያቸው ሚያታዎች ሁለት ጣት እንኳን አያስገቡም። የእኔዋ ከነሱ አጠገብ ስትታይ ሱሪዋ ያጠረባት ልጅ ትመስላለች። በቃ ይኸው ነው።

አባዬ አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ነበረው። ነበረው ስል ከጓደኛው ጋር የተከራዩት ግማሽ ግቢ ማለቴ ነው። መለዋወጫ ሲያስፈልግ ሶማሌ ተራ በእግሩ ይሄዳል። ላዳ፣ ዲኤክስ፣ አይሱዙ፣ የመጣውን ሁሉ ይሠራል። ከውጭ አዲስ የገቡ የቤት መኪኖች በመጀመሪያው ወር ወይ በሁለተኛው እሱ ጋ ይመጣሉ፤ ሆዳቸው ኮረኮንች ነክቷላ። ከሞላው ሥር ወፍራም ጎማ ወይም የተጠረበ ብረት ያስገባላቸዋል። ለፒካፑ አንድ ባሌስትራ ይጨምርለታል። ሰውየው ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ደስ ብሎት ይሄዳል።

እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው በወሬ ነው። ጋራዡ ውስጥ የገባሁት ምሳ ለማድረስ ብቻ ነበር፤ በሩ ላይ ተቀብሎኝ «በይ ሂጂ፣ ግራሶ ይነካሻል» ብሎ ይመልሰኛል። ወንድሜን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ያስገባዋል። ወንድሜ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው፤ የመኪና ዘይት የት እንደሚሞላ የሚያውቅም አይመስለኝም።

ከጋራዡ ቤት ድረስ የመጣው ቋንቋው ነው። ሞላ የሚለው ቃል ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ባሌስትራም፣ ካምቢዮም፣ ፍሪሲዮንም፣ ዳዶም፣ ቸርኬም። ጣሊያኖቹ ሲሄዱ ግማሹን የጋራዥ አማርኛ ጥለውልን ነው የሄዱት። አሞርዛተር ደግሞ በጣሊያንኛው ውስጥ «ሞት» የሚል ሥር አለበት፤ እንቅስቃሴን የሚገድል እንደማለት። ይህንን ያወቅኩት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ ለአባዬ ስነግረው «ይገድላላ! እኔ ሠላሳ ዓመት ምን ስል ነበር?» አለ።

እዚህ ያልኩት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ስንመጣ አባዬ «ስፕሪንግ» የሚለውን ቃል የሚያውቀው ከመለዋወጫ ካርቶን ላይ ብቻ ስለነበር፣ የምንኖርበት ከተማ «የብር ሞላ» የሚባል መስሎት ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ለዘመድ ሁሉ በስልክ እንደዚያ እያለ ተናገረ። በኋላ ነው ምንጭ ማለት መሆኑን የሰማው። ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የሚባል ሰው በ1840 እዚህ ጫካ ውስጥ ምንጭ አገኘ፤ ውሃው ውስጥ ያለው ማይካ እንደ ብር ሲያብለጨልጭ አይቶ ነው ስሙ የወጣው። አባዬ ግን እስከ ዛሬ የብር ሞላውን ይመርጣል።

ሥራው አሁን የሰው መኪና ማቆም ነው። ዋሽንግተን መሐል፣ ምድር ቤት ውስጥ። በቀን ስንትና ስንት መኪና ያስገባል፣ ያወጣል። እያንዳንዱን የሚነዳው ለሃምሳና ለስድሳ ሜትር ነው፤ ግን ለእሱ ይበቃዋል። ማታ እራት ላይ እንደ ዜና ያወራልናል። «ያ ነጩ ቢ ኤም ደብልዩ የግራ ፊት አሞርዛተሩ ሞቷል። ያቺ ሴትዮ ኩሽኔታዋ እየጮኸ ነው፣ አትሰማውም እንዴ?» መጀመሪያ ሰሞን ለባለቤቶቹ ይነግራቸው ነበር። አንዱ ደንበኛ «መኪናዬን ነካክቶብኛል» ብሎ ከሰሰውና አለቃው ጠርቶ፣ ከቁልፍ መቀበልና መመለስ ውጪ አንድ ቃል እንዳይናገር አስጠነቀቀው። ከዚያ ወዲህ የሚናገረው ለእኛ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሕመም ሽሮና እንጀራ ላይ ሲነገር ሰምቻለሁ።

ክርክራችን የጀመረው ሞላው በመጣ ማግስት ነው።

«አሞርዛተሩስ?» አለኝ።

«የፋብሪካው ይቆያል። ሰዎች ችግር የለውም ይላሉ።»

«የትኞቹ ሰዎች?»

አልመለስኩም። የትኞቹን ሰዎች ብዬ ልንገረው? ከእኔ በዕድሜ የሚያንሱ፣ ቪዲዮ የሚለቁ ልጆች ናቸው። እውነቱ ደግሞ ገንዘብ ነበር። አራት አዲስ አሞርዛተር ከሞላዎቹ እጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረው። በኋላ እቀይረዋለሁ ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ። «በኋላ» የሚለው ቃል መኪና የሚወድ ሰው አፍ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞላ ሥራው ቀላል ነው፤ ሲጫኑት መልሶ ይገፋል። ሮበርት ሁክ በ1678 ጽፎታል፤ በእጥፍ ሲጨመቅ በእጥፍ ይገፋል። ችግሩ ሞላ ገፍቶ ዝም አይልም። ለብቻው ብትተዉት መኪናዋ አንድ ጉድጓድ ካለፈች በኋላ እንደ አልጋ ላይ ሕፃን እየዘለለች ትሄዳለች። ያንን የሚያቆመው አሞርዛተሩ ነው። ውስጡ ዘይት አለ፣ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ ሲያልፍ የሞላው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ኮረኮንች ላይ ብዙ ከነዳችሁ በኋላ አሞርዛተሩን ብትነኩት የሚሞቀው ለዚህ ነው።

አዲሱ ሞላ ከፋብሪካው ሞላ 30 ከመቶ ያህል ይጠነክራል ተብሎ ነው የተሸጠልኝ። 30 ከመቶ የጠነከረ ሞላ መኪናዋን 14 ከመቶ ያህል ፈጠን አድርጎ ያወዛውዛታል (የ1.3 ስኩዌር ሩት ነው፣ ስልካችሁ ላይ አስሉት)። አሞርዛተሩ ግን ለድሮው ሞላ ነው የተሠራው። አዲሱን ለማብረድ ጉልበት ያንሰዋል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ መንገዱ ነው፤ የአሞርዛተሩ ዘንግ ከላይ ወደ ታች የሚሄድበት ማለቴ ነው። መኪናዋ ቆማ ሳለ፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ ካለው የጎማ ማቆሚያ ጋር እስኪጋጭ የቀረው ርቀት አምስት ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ አደረግኳት። የቀረኝ ሁለት ነው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ደግሞ ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ ጉድጓድ ሞልቷል።

አባዬ ስኩዌር ሩት አልጠቀሰም። «ሞላውን ቀይረሽ አሞርዛተሩን ዝም ስትይው፣ ያ ሰውዬ በቀድሞ ደመወዙ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል» ነው ያለው። «ይሠራል። እስከሚወድቅ ድረስ።»

ቢሆንም ቅዳሜ ጠዋት መጣ። የአክስቴ ልጅ ግቢ ውስጥ ነው የሠራነው። አባዬ ከመኪና ሲወርድ ሰማያዊ ቱታ ለብሶ ነበር። አላወቅኩትም። ቱታው አዲስ አበባ የምናውቀው ቱታ ነው፤ ሻንጣ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት እንደቆየ እኔም እናቴም አናውቅም ነበር። እጥፋቱ ደረቱ ላይ አልተቃናም።

መኪናዋን በክሪክ አንስተን በብረት ካቫሌቶ ላይ አሳረፍናት። ከዚያ ነገሩ የእኔ መሆኑ ቀረ። እኔ ስልኬ ላይ ቪዲዮውን ከፍቼ ነበር፤ እሱ ከፓራፋንጎው ሥር አንገቱን አስገብቶ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ አየ። የሚያታ እግር አሠራሩ ደስ ይላል። አራቱም ጎማ ላይ፣ ከላይም ከታችም አንዳንድ ብራቾ፣ በመሐል አሞርዛተሩ፣ አሞርዛተሩን የከበበው ሞላ። የፊቱ ላይ ያለው ችግር፣ የላይኛው ብራቾ አሞርዛተሩን እንዳይወጣ ማገዱ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ልጅ በጉልበት ሲታገለው ሃያ ደቂቃ ፈጅቶበታል። አባዬ የላይኛውን ብራቾ የያዘውን ረጅም ብሎን በጣቱ አሳየኝ። «ይሄን ሳቢው፣ ብራቾው ራሱ ይሸሻል።» ብራቾው ሸሸ። ቪዲዮውን ዘጋሁት።

ያልሸሸው የሜሪላንድ ዝገት ነው። በየክረምቱ መንገዱ ላይ የሚበትኑት ጨው የታችኛውን ብሎን ከጎሚኒው ብረት ጋር አንድ አድርጎታል። ዘይት ነፋንበት፣ ጠበቅን፣ ደግመን ነፋንበት። «17 ቁልፍ» ይለኛል እጁን ዘርግቶ ሳያየኝ፤ አቀብለዋለሁ። «14» ይላል፤ አቀብላለሁ። አንድ ጊዜ 15 ሰጠሁት፣ መዳፉ ላይ ሲያርፍ በክብደቱ አውቆ ሳያይ መለሰልኝ።

ሞላው ሊወልቅ ሲል ግን ድምፁ ተለወጠ። አሮጌው ሞላ አሞርዛተሩ ላይ ተጨምቆ ነው የሚኖረው፤ የላይኛውን ዳዶ ዝም ብላችሁ ብትፈቱት የሚለቀው ጉልበት መንጋጋ ይሰብራል። በመጭመቂያ ሁለት ጎኑን ይዞ፣ በእኩል በእኩል ማጥበቅ ያስፈልጋል። አባዬ ትከሻዬን ይዞ ወደ ጎን አቆመኝ። «ከፊቱ አትቁሚ። በጭራሽ። ግድግዳ ወዳለበት አዙሪው።» ከዚያ፣ እጁ እየሠራ፣ ጋራዡ ውስጥ መጭመቂያ ሳይኖራቸው በሽቦ አስረው ይሠሩ እንደነበርና አንድ ልጅ ዓይኑን እንዳጣ ነገረኝ። ይህንን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም። «ለዚህ ነው በር ላይ የምትመልሰኝ የነበረው?» አልኩት። «ግራሶም ነበር» አለኝ።

አዲሱ ሞላ አጭር ስለሆነ መጭመቂያው ብዙም አልደከመ። አባዬ ይዞት ሲያየው አንዱ ጫፍ ቀለበቶቹ የተጠጋጉ፣ ሌላው የተራራቁ ነው። «ይሄ ሁለት ሞላ ነው። መጀመሪያ ይሄ ጥብቁ ይዘጋል፣ ለስላሳው እሱ ነው። ከዚያ ዋናው ይሠራል።» ትንሽ ቆይቶ፣ ወዶት እንደሆነ ላለማሳወቅ እየሞከረ፣ «ጥሩ ብረት ነው» አለ። አዲስ አበባም ዝቅ አድርግልን የሚሉ ልጆች አልፎ አልፎ ይመጡ እንደነበር ነገረኝ። ሞላውን በመጋዝ ይቆርጡታል፤ ወይ በእሳት አሙቀው ራሱ እንዲቀመጥ ያደርጉታል። የተቆረጠው ይጠነክራል፣ የተቆረጠበት ጫፍ ግን ማረፊያው ላይ በደንብ አይቀመጥም። የጋየው ደግሞ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል፤ ዛሬ የረገበ ሞላ ነገም መርገቡን አይተውም። «አንቺ ቢያንስ ገዝተሻል» አለኝ። ምስጋና ነው ብዬ ወሰድኩት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ገባ። ብሎኖቹን ለማጥበቅ ቁልፉን ሳነሳ «ተይ!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤቱ ሁሉ ዞሮ አየን።

«ምነው?»

«በአየር ላይ አይጠበቅም።»

ይህንን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ስለዚህ ልብ በሉ። ብራቾው የሚዞርበት ብሎን ላይ ጎሚኒ አለ፤ ጎማ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ጎማውን በዚያው በያዘው ቦታ ቆልፎ ይይዘዋል። መኪናዋ ተንጠልጥላ፣ እግሯ ወደ ታች ተዘርግቶ ሳለ ካጠበቃችሁት፣ መሬት ስትነካ ጎማው ተጠምዝዞ ይቀራል። ቆማም ተጠምዝዞ ነው፣ ስትሄድም ተጠምዝዞ ነው። ከጊዜው ቀድሞ ይቀደዳል። ስለዚህ ብሎኑ ለቀቅ ተደርጎ ይገባል፣ መኪናዋ በራሷ ክብደት መሬት ላይ ትቆማለች፣ ያን ጊዜ ይጠበቃል። አባዬ አራት ወፍራም ጣውላ አስመጥቶ ጎማዎቹን በላያቸው አሳረፈ፣ ከሥር ገብቶም አንድ በአንድ አጠበቃቸው። «ቁመቷን ትወቅ፣ ከዚያ ትታሰር» አለ ከሥር ሆኖ።

ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ጠዋት ስለካ 35 ሳንቲ ሜትር ነበር። ማታ 32 ሆነ። ወደ መንገዱ ማዶ ሄጄ አየኋት። እንዴት እንደማማርባት ልነግራችሁ አልችልም።

ከመሄዳችን በፊት አባዬ የአንዱን አሞርዛተር የላስቲክ ሽፋን ገልጦ ዘንጉን በግራሶ ቀባው። ስላይጎ ክሪክ ፓርክዌይን እየተጠማዘዝን ሄደን ተመለስን፤ መሪው ልክ እንደ ሐሳብ ነበር፣ ሳልዞር የምትዞር ነው የሚመስለኝ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኗል። ተኝቷል ብዬ ነበር፤ እያዳመጠ ነው። አንድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ «ዱም» አለች። ዓይኑን ሳይከፍት ራሱን ነቀነቀ። ስንመለስ ሽፋኑን ገልጦ አሳየኝ፤ ግራሶው እስከ ማቆሚያው ድረስ ተጠርጓል። ምንም አላለም። በጨርቅ ጠረገው።

አላይመንት ያሠራሁበት ቤት ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ እንዳዘነበሉ በስክሪን አሳየኝ፤ ዝቅ ያለች ሚያታ ሁሉ እንደዚያ ናት። አስተካከሉት። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ጥሩ ነበሩ ማለት እፈልጋለሁ። ኩርባ ላይ ጥሩ ነበሩ። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ግን፣ በተለይ የድልድይ መጋጠሚያ ባለበት፣ መኪናዋ አንዴ ከተነቀነቀች አልበርድ አለች። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ። ቡና መያዝ ተውኩ።

በዚሁ ጊዜ ነው አባዬ ከሥራ ሲወጣ አታምጪኝ ማለት የጀመረው። ማታ ማታ የማመጣው እኔ ነበርኩ፤ ከፋርማሲው ስወጣ መንገዴ ነው። «አውቶቡሱ በራችን ላይ ነው የሚያወርደኝ» ይለኛል። በራችን ላይ የሚያወርድ አውቶቡስ የለም። በመጣሁበት ቀን ደግሞ «ከእግረኛው መንገድ አታስጠጊ፣ ራቅ አድርገሽ አቁሚ» ይላል። ለቸርኬዬ አስቦ መስሎኝ ነበር። እንዳይፋቅብኝ። እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር፤ አየህ፣ ለመኪናዬ ያስባል።

ከዚያ አንድ ማታ ቤት ስንደርስ ስልክ ተደወለልኝና ቀድሜ ወርጄ በር ላይ ቆሜ ማውራት ጀመርኩ። መኪናዋን ጠርዙ ጋ አስጠግቼያት ነበር። ዞር ስል አባዬ በሩን ከፍቶ፣ እግሩን ከፍ ያለው የእግረኛ መንገድ ላይ አሳርፎ፣ አንድ እጁን በጣሪያው ጠርዝ፣ አንዱን በወንበሩ ላይ አድርጎ ለመነሳት ይሞክራል። ተነሳ፣ ተመለሰ። ትንሽ አረፈ። ደግሞ ተነሳ፣ ተመለሰ። ጠርዙ እግሩን ከፍ ሲያደርግበት ጉልበቱ የበለጠ ይታጠፋላ። ለቸርኬው አልነበረም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞርኩ። ያየሁት እንዳይመስለው።

ሐኪም ጋ የወሰድኩት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። ሐኪሙ ፎቶውን እያሳየ፣ አጥንቶቹ መሐል ያለው ልስላሴ ተበልቶ አጥንት ከአጥንት እየተገናኘ ነው አለ። ያንን ልስላሴ በአማርኛ ምን እንደምለው ጠፋኝ። «አጥንት መሐል ያለው፣ እንዳይፋጩ የሚያደርገው…» እያልኩ ስንተባተብ አባዬ ፎቶውን አየና «ጎሚኒው አልቋል እያለሽ ነው» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ሠላሳ ዓመት በርከክ ብዬበት አያልቅም?» አለ፣ ወደ ሐኪሙ እየሳቀ። ሐኪሙ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። እንዴት አድርጌ ልተርጉምለት?

ሚያታ ድሮም ዝቅተኛ ናት። ያለ እኔ ሥራም የሚከብድበት ቀን ይመጣ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን 35 እያለች ይወርድ ነበር። 32 ስትሆን አልቻለም።

ሰበብ የሆነልኝ አሞርዛተሩ ነው። በሰባተኛው ወር የቀኝ የኋላው ዘይት አነባ፤ ዘንጉ ዙሪያ አቧራ የያዘ ጥቁር እርጥበት። ከመቶ አርባ ሺህ ማይል በላይ የሄደ አሞርዛተር ነበር፣ በሞላው ብቻ ልፈርድ አልችልም። ለአባዬ ስነግረው «ነግሬሽ ነበር» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። «በቀድሞ ደመወዙ» ብቻ ነው ያለው።

አራት አዲስ የፋብሪካ ዓይነት አሞርዛተር ገዛሁ። በአንዴ፣ ካጠራቀምኩት። ሲመጣ «አሮጌዎቹን ሞላዎች ግን የት እናገኛለን?» አልኩት። እኔ የአክስቴ ልጅ ጥሏቸዋል ብዬ ነበር የማስበው። አባዬ ወደ መኝታ ቤት ሄደ፣ ከአልጋው ሥር በአሮጌ የአልጋ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ጎትቶ አወጣ። አራቱም። ዝገታቸው በብሩሽ ተጠርጎ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ እያንዳንዳቸው ላይ በወረቀት ማጣበቂያ «ፊት ግራ»፣ «ፊት ቀኝ»፣ «ኋላ ግራ»፣ «ኋላ ቀኝ» ተብሎ ተጽፏል። እናቴ ሰባት ወር ሙሉ ስትጠርግ እየነካች ምን እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም። «የሱ ነገር» ነው ያለችው።

«ለምንድን ነው የምንመልሰው?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ሳያየኝ። «አዲስ አሞርዛተር ካገኘሽ አሁን ያንቺው ሞላ ጥሩ ይሠራልሻል። ትንሽ ጠንከር ያለ አሞርዛተር ብትለውጪ ደግሞ…»

«ጉድጓዱ ሰለቸኝ» አልኩት።

«እሺ» አለ። ይቺኛዋ ሌላ «እሺ» ነበረች።

አጫጭሮቹን ሞላዎች ለአንድ የሮክቪል ልጅ በግማሽ ዋጋ ሸጥኩለት። አሞርዛተርም ግዛ አልኩት። ለአንድ ዓመት ይበቃኛል አለኝ፣ በኋላ ይቀይረዋል።

በዚህኛው ቅዳሜ አባዬ ቱታውን ለብሶ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ እኔ ሠራሁ። ረጅሙን ብሎን ሳብኩት፣ ብራቾው ሸሸ። መጭመቂያውን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ከወንበሩ የተነሳው፤ ሞላው ማረፊያው ላይ ጫፉ ልክ መቀመጡን በጣቱ ሊያረጋግጥ። ማታ ጎማዎቹን ጣውላው ላይ አሳረፍኳቸው፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ አደረግኩ፣ ከሥር ገባሁ።

«ቆይ፣ ክብደት ያስፈልጋታል» አለና በሩን ከፍቶ ገብቶ ተቀመጠ። መኪናዋ በላዬ ጥቂት ዝቅ ስትል አየሁ፣ ምናልባት ግማሽ ሳንቲ ሜትር።

አጠበቅኳቸው። የፊቱን፣ ከዚያ የኋላውን። «ጨርሰሻል?» አለኝ ከላይ። «ጨርሻለሁ» አልኩ። በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ከተኛሁበት በጎን በኩል ሁለቱ ጫማዎቹ ሲወርዱ፣ መሬት ላይ ሲቆናጠጡ አየሁ። ትንሽ ጊዜ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ሞላዎቹ ቀስ ብለው መኪናዋን ወደ ላይ አነሷት፣ አንዴ ብቻ፣ ሳትወዛወዝም ዝም አለች። ጫማዎቹ ወደ ቤቱ በር መሄድ ጀመሩ።